ከመጋዘኑ ግድግዳ ማዶ

የግንቦት የመጨረሻው እሁድ ነበር። የድንቅነሽ ሳሎን ቢበዛ ሃያ ሰው ይይዛል፤ የዚያን ዕለት ግን ሃምሳ አራት ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ይዘምር ነበር። ዘጠኝ ሰው ደግሞ በረንዳው ላይ፣ ሕጻናቱ ግቢው ውስጥ። እሌኒ ቁጥሩን የምታውቀው ሳትቆጥር መቆም ስለማይሆንላት ነው። ሒሳብ አስተማሪ ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ሲጨንቃት ትቆጥራለች፤ የማይጨንቃት ጊዜ ደግሞ ጥቂት ነው። ሃምሳ አራት ላይ ስትደርስ፣ ጥግ ላይ የቆመች አንዲት ነፍሰ ጡር ዓይኗ ተገለበጠና ድምፅ እንኳ ሳታሰማ እግሯ ከዳት።

መዝሙሩ ተቋረጠ። ሰው ከሰው በላይ እየተቀባበለ አውጥቶ በረንዳው ላይ አስተኛት። ውሃ ረጩባት፤ አየር ስታገኝ ነቃች። እሷም ጽንሱም ደህና ነበሩ፤ የጉባኤው ድንጋጤ ግን አልበረደም።

ይህች ቤተ ክርስቲያን ከአራት ዓመት በፊት ስትጀመር ሰባት ሰው ነበረች። ድንቅነሽ የምትባል፣ ባሏ የሞተባትና በጤና ጣቢያ ነርስነት ስትሠራ የኖረች ሴት ሳሎኗን ሰጠቻቸው። መካነ ሰላም ከመስጊዱም ከታቦቱም ጋር ተላምዳ የኖረች ከተማ ናት፤ እነዚህን ግን ገና ምን ብላ እንደምትጠራቸው አልወሰነችም። "ጴንጤዎቹ" ይላቸዋል ሰዉ፤ አንዳንዱ እየሳቀ፣ አንዳንዱ ከንፈሩን እያጣመመ። ሰባቱ አሥራ አምስት ሆኑ፣ ሠላሳ ሆኑ፣ ይኸው አሁን ሳሎኑ ሰው መያዝ አቃተው።

"ክረምቱ ሳይገባ ቦታ እናገኛለን" አሉ ጋሽ አምባቸው፣ የዚያኑ ቀን፣ ሰዉ ሳይበተን። ጋሽ አምባቸው የጉባኤው ሽማግሌ ናቸው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ አንዴ ከወሰኑ ወዲያ ወደኋላ ማለት የማያውቁ ሰው። ቦታ የሚፈልጉ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፦ እሳቸው፣ ሞባይል ጠጋኙና ኪቦርድ ተጫዋቹ ምናለ፣ እና እሌኒ።

"እኔ አይሆንልኝም" አለች እሌኒ።

"አንቺ መለካት ታውቂያለሽ" አሉ ጋሽ አምባቸው። ሰው ሳቀ። እሷም አብራ ሳቀች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ከትምህርት ቤት መልስ ዞሩ። አንድ ሆቴል አዳራሽ ነበረው፤ ግን ሠርግ በመጣ ቁጥር ልቀቁ ይባላሉ፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ወለሉ የቢራ ሽታ አለው። አንድ ሰው ባዶ ቦታ አሳያቸው፤ ሲጠይቁ ሦስት ወንድማማቾች የሚካሰሱበት ሆኖ ተገኘ። የመንግሥት ቦታ ለመጠየቅ ማመልከቻ አስገቡ፤ ጸሐፊዋ ተቀብላ ከሌሎች ማመልከቻዎች ሥር አስቀመጠችው። ሰኔ ገባ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከወግዲ በኩል እየጠቆረ መምጣት ጀመረ፤ እሌኒ ክፍል ውስጥ እኩልታ እየጻፈች ዓይኗ መስኮቱ ላይ ነበር።

ከዚያ የአሕመድኑር መጋዘን ተገኘ።

አሕመድኑር የስንዴና የጤፍ ነጋዴ ነው። አዲስ መጋዘን አስፋልቱ ዳር ስለሠራ አሮጌው ባዶውን ቆሟል። ሰፊ ነው፤ ጣሪያው አያፈስም፤ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፤ ከገበያው አምስት ደቂቃ ነው፤ በሩ በመንገዱ በኩል ስለሆነ የማንንም ግቢ አያቋርጡም። ሴት ልጁ ፈይዛ የእሌኒ ተማሪ ናት፤ ዘንድሮ ሒሳብ ከወደቀችበት ተነሥታ ከክፍሉ አራተኛ ወጥታለች።

"ለጸሎት ቤት ለሌላ ሰው አላከራይም ነበር" አለ አሕመድኑር ቁልፉን እያሽከረከረ። "ለፈይዛ አስተማሪ ግን እሺ። ውሉንም ካንቺ ጋር ነው የምፈራረመው፤ ሌላ ሰው አላውቅም። ብቻ እስከ ዓርብ ቁረጡልኝ፤ አንድ የሲሚንቶ ነጋዴ ይጠይቀኛል።"

ጋሽ አምባቸው መጋዘኑ መሐል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። "መቶ ሃምሳ ሰው!" አሉ። "ይቺ ከተማ ውስጥ መቶ ሃምሳ ሰው የሚይዝ!" ድምፃቸው ከቆርቆሮው ተጋጭቶ ተመለሰ። ምናለ ኪቦርዱን የት እንደሚያስቀምጥ እያሰበ ከወዲያ ወዲህ ይላል። እሌኒም ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ሜትሩን ይዛ በኋለኛው ግድግዳ ሥር ጎንበስ ብላ ስትለካ ነው ሳሉን የሰማችው።

ሳሉ ከጆሮዋ ሥር የመጣ ያህል ቅርብ ነበር። ረጅም፣ እርጥብ፣ መጨረሻው እንደ ማቃሰት ያለ። እሌኒ ቀና ብላ ግድግዳውን አየችው። ሌላው ሦስት ግድግዳ ብሎኬት ነው፤ ይሄኛው ጭቃ ነው።

"እዚህ ጀርባ ማን አለ?" አለች።

አሕመድኑር ቁልፉን ማሽከርከር አቆመ። "ይማም ነው" አለ። "ሽማግሌ ነው። አንድ ጎኑ ተይዞ ከተኛ ዓመት አለፈው። መጋዘኑን ስሠራ ከእነሱ ግድግዳ ጋር ነው ያያያዝኩት፤ ያኔ ደህና ነበር። አብሽሪ፤ ሚስቱ ዘሊካ ጨዋ ሴት ናት፤ ችግር አትፈጥርም።"

በመንገድ ላይ ሲመለሱ እሌኒ "ጎረቤቶቹን ብንጠይቅ ምናለበት?" አለች።

"አይሆንም" አሉ ጋሽ አምባቸው ሳይቆሙ። "ከጠየቅሽ እንቢ ማለት እንደሚቻል ታስተምሪያለሽ። ባለቤቱ አከራየ፤ እኛ ተከራየን፤ ገባን። ከገቡ በኋላ ነው ጉርብትና የሚጀመረው። ሠላሳ ዓመት ሸቀጥ ሳራግፍ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ በር ላይ ቆሞ የሚለማመጥ ሰው ሳያራግፍ ነው የሚመለሰው።"

የዚያን ሌሊት ግን እሌኒን እንቅልፍ እንቢ አላት፤ ያ ሳል ጆሮዋ ውስጥ ቀረ።

አቀስታ ነው ያደገችው። አባቷ ከመሞቱ በፊት ሁለት ዓመት ተኝቶ ነበር፤ ከአልጋው ራስጌ ካለው ግድግዳ ጀርባ ሰው መጥቶ ወፍጮ ተከለ። የጠየቃቸው አልነበረም፤ ሰፈሩ ወፍጮ ያስፈልገው ስለነበር እነሱም ምንም አላሉም። ሞተሩ በተነሣ ቁጥር አልጋው ይንቀጠቀጣል፤ አባቷ ዓይኑን ይጨፍንና እስኪቆም ይጠብቃል። አንድም ቀን አላማረረም። እሌኒ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አሁንም ወፍጮ ቤት ባለፈች ቁጥር እግሯ ሳይታወቃት ይፈጥናል።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት እንደወጣች፣ ለጋሽ አምባቸውም ለምናለም ሳትናገር፣ የዘሊካን በር አንኳኳች።

ዘሊካ አጭር፣ ፈጣን፣ ስድሳውን ያለፈች ሴት ናት። "ግቢ የኔ ዓለም፣ መርሀባ!" ብላ ማንነቷን ሳትጠይቅ አስገባቻት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፤ አንደኛው ማድ ቤት ሆኖ በጢስ ጠቁሯል። በሌላው ውስጥ፣ በዚያ በጭቃው ግድግዳ ሥር፣ ይማም ተኝቷል። ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ እንደ ሌላ ሰው ዕቃ ተቀምጧል። ዓይኖቹ ግን ንቁ ናቸው፤ እሌኒን ከበሩ ጀምሮ ተከተሏት።

"እንደምን ዋሉ አባቴ?"

"አልሐምዱሊላህ" አለ። ግማሽ አፉ ብቻ ስለሚታዘዘው ቃሉ ተድበስብሶ ወጣ።

እሌኒ ጉዳይዋን አስረዳች። ስታስረዳ ደግሞ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። ቤተ ክርስቲያን እንደሆኑ፣ ቦታ እንደጠበባቸው፣ በሳምንት ሦስት ቀን እንደሚሰበሰቡ፣ እንደሚዘምሩ፣ ድምፅ እንዳለው። "እትዬ ዘሊካ፣ እናንተን ሳንጠይቅ መግባት ከብዶኝ ነው የመጣሁት" አለች በመጨረሻ።

ዘሊካ ከት ብላ ሳቀች። "ይሄን ልትጠይቂ ነው እንዲህ ላብ በላብ የሆንሽው? ምን ገዶን! የፈጣሪን ስም ለሚጠራ ሰው ማን በር ይዘጋል? ስንዴ ሲራገፍበት የኖረ ቤት አይደል።"

"አልጋውን ወደዚያ ማዞር ይቻል ይሆን?"

"ወዴት ልጄ? ወደ ጢሱ? ደረቱ አይችለውም። እዚህ መስኮቱ አለ፣ ፀሐይ ታገኘዋለች።" ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች። "ቀን ቀን ነው የሚተኛው። ሌሊቱን ሳሉ አያስተኛውም። እሱ ሲያሸልብ እኔም ትንሽ ጎኔን አሳርፋለሁ። አንቺ ግን በዚህ አትጨነቂ፣ አብሽሪ።"

አትጨነቂ መባሏ ነው ያስጨነቃት። ብትቆጣት፣ ብትከለክላት ኖሮ ይቀላት ነበር።

በማግስቱ ለሁለቱም ነገረቻቸው። ጋሽ አምባቸው ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ሄድሽ እንዴ? አትሂጂ እያልሁሽ?"

"ሄድኩ።"

"እሺ፤ ምን አሉ?"

"አልከለከሉም።"

"በቃ! ፈቀዱ ማለት ነው።"

"ጋሽ አምባቸው፣ አልከለከሉም ማለት ፈቀዱ ማለት አይደለም። ሰውየው የተኛው ግድግዳው ሥር ነው። የሚተኛውም ቀን ብቻ ነው።"

ያን ጊዜ ምናለ፣ ሁለቱን ለማስታረቅ ብሎ፣ "ለምን አንሞክረውም?" አለ። "ዛሬ ከሰዓት አሥር አሥራ አምስት ሰው ሰብስበን እንዘምር። አንቺ እነሱ ቤት ተቀመጪና ስሚ። ምናልባት ያን ያህል ላይሰማ ይችላል።"

ጋሽ አምባቸው እያጉረመረሙ ተስማሙ። አሕመድኑርም ቁልፉን ሰጠ።

"እንደ እሁዱ አድርጉት" አለቻቸው እሌኒ። "እንዳትቀንሱ።"

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከይማም አልጋ አጠገብ ዝቅ ባለች የእንጨት መቀመጫ፣ ዱካ ላይ፣ ተቀመጠች። ይማም ቀድማ ስለነገረችው ይጠብቅ ነበር፤ እንዲያውም ዘሊካ ትራስ ጨምራ ከፍ አድርጋዋለች። ከግድግዳው ማዶ ወንበር ሲጎተት ተሰማ። የምናለ ሳቅ ተሰማ። አንዲት ሴት "ቁልፉን እዚያ ላይ አድርጊው" ስትል፣ ቃል በቃል፣ እዚሁ ቤት ውስጥ የተናገረች ያህል ተሰማ።

ከዚያ ከበሮው ተመታ።

እሌኒ ይሄን መዝሙር መቶ ጊዜ ዘምራዋለች። በመሐሉ ቆማ ስትዘምረው ደረቷን የሚሞላ፣ እንባዋን የሚያመጣ ነበር። ከዚህ ማዶ ግን ሌላ ነገር ነው። ከበሮው በግድግዳው በኩል ወደ አልጋው ይገባል። መደርደሪያው ላይ ያለው ሲኒ ከሳህኑ ጋር እየተነካካ ይንቃጨላል። ከግድግዳው ስንጥቅ ደቃቅ አፈር እየረገፈ ብርድ ልብሱ ላይ ያርፋል። ዘሊካ ፈገግ ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፣ "ደስ ይላል፣ ደስ ይላል" ትላለች። የይማምም ፊት ጨዋ ነበር። እሌኒ ግን ፊቱን ትታ ደህናውን እጁን አየች። ግራ እጁ የአልጋውን ጠርዝ ይዟል። ጣቶቹ ነጥተዋል።

ከመዝሙሩ ቀጥሎ ጸሎት ሆነ። የጋሽ አምባቸው ድምፅ ቀደመ፣ ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በራሱ ቃል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጸልይ ጀመር። ይማም አንገቱን ከትራሱ ሊያነሣ ሞከረ፤ ዓይኑ ዘሊካን ፈለገ። ዘሊካ ሮጣ እጁን ያዘችው።

ሲያበቃ ቤቱ ጭር አለ። እሌኒ ዱካዋን ወደ አልጋው አስጠጋች።

"አባቴ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። እባክዎ።"

ይማም ትንፋሹን እስኪሰበስብ ቆየ። "ዘፈኑ ደህና ነው" አለ እየተቆራረጠ። "ኋላ ግን... ሁላችሁም ባንዴ ስትጮሁ... ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥሁ።"

ዘሊካ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ሳቀች። እሌኒም ሳታስበው ሳቀች፤ ይማምም በሚታዘዘው ግማሽ አፉ ፈገግ አለ። ከዚያ ግን እንደገና፦ "አልከለክልም" አለ። "ከለከለ እንዳትሉ። ወላሂ አልከለክልም።"

ወጥታ ስትሄድ ዘሊካ እስከ በሩ ሸኘቻት። እሌኒ መንገዱ ላይ ቆማ ነጠላዋን ስታይ ትከሻዋ ላይ የግድግዳው አፈር ነበር።

የዚያን ዕለት ምሽት ሦስቱ በድንቅነሽ ቤት ተቀመጡ። ድንቅነሽም አብራ ተቀመጠች፤ ቤቱ የሷ ነውና። እሌኒ ያየችውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ እጁን፣ ሲኒውን፣ የሚረግፈውን አፈር።

"ስፒከሩን እንተው" አለ ምናለ። "ከበሮውንም። ዝግ ብለን እንዘምር።"

"ራሳችንን እናውቃለን ምናለ" አለች እሌኒ። "የመጀመሪያውን እሁድ በሹክሹክታ እናሳልፋለን። በሦስተኛው እንረሳዋለን። በአምስተኛው እንግዳ ዘማሪ ይመጣል።"

"እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም" አሉ ጋሽ አምባቸው። "ይሄን አስቀድመሽ እወቂልኝ። ግን ንገሪኝ፣ የታመመ የሌለበት ጎረቤት የት ነው ያለው? ያቺ ልጅ እዚህ ወለል ላይ ስትወድቅ አላየሽም? ነገ ሐምሌ ነው። ስልሳ ሦስት ሰው ዝናብ ላይ ነው የምናቆመው? አንድ ሰው አዘንሽለት፤ መልካም። ስልሳ ሦስቱንስ ማን ይዘንላቸው?"

ትክክል ናቸው፤ እሌኒን ያንገበገባትም እሱ ነው። ድንቅነሽን አየቻት፤ ድንቅነሽ ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች።

"ውሉ ላይ የሚሰፍረው ያንቺ ስም ነው" አሉ ጋሽ አምባቸው ተነሥተው ኮፍያቸውን እያደረጉ። "አሕመድኑር ከሌላ አይፈራረምም። እኔ አላስገድድሽም። ግን ካልፈረምሽ እሁድ ለሕዝቡ የምትነግሪው አንቺው ነሽ።"

ዓርብ ጠዋት ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥታ አስቀመጠችው። በሦስተኛው ደወለች።

"አሕመድኑር፣ አንፈራረምም። ለሲሚንቶ ነጋዴው ስጠው።"

"በይማም ነው?"

"አዎ።"

"እኔም..." አለ አሕመድኑር፣ ከዚያ አቆመ። "አላሰብሁትም ብልሽ ውሸት ነው። ብቻ ዝም አልሁ። በይ እሺ፣ አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ።"

እሁድ ከጉባኤው ፊት ቆማ ተናገረች። ማንም አልጮኸባትም። አንድ አባወራ ብቻ ከበረንዳው ሆኖ፣ "እህት እሌኒ፣ እኛስ?" አለ። ከኋላው የታዘለ ልጁ ያለቅስ ነበር። እሷ "ሌላ እንፈልጋለን" አለች፤ ሌላ እንደሌለ ሁሉም ያውቃል።

ዝናቡ በሚቀጥለው ሳምንት ገባ። በረንዳው ላይ ሸራ ወጠሩ፤ ሸራው ውሃ እየቋጠረ ሰው ላይ ይገለበጣል። እሌኒ እየቆጠረች ነበር። ስልሳ ሦስቱ ሃምሳ አንድ ሆኑ፤ ሃምሳ አንዱ አርባ አራት። ያ አባወራ መምጣት አቆመ። ጋሽ አምባቸው ከሰላምታ ሌላ ቃል አልተነፈሱላትም።

ይባስ ብሎ አንድ ቀን በመጋዘኑ በኩል ስታልፍ ሁለት የጭነት መኪና ቆሞ ሲሚንቶ ሲራገፍ አየች። ወዛደሮቹ ኩንታሉን ከትከሻቸው እየወረወሩ በኋለኛው ግድግዳ ሥር ይደረድራሉ፤ ዱም፣ ዱም ይላል። እሌኒ መንገዱ መሐል ቆመች። ለዚህ ነው እንዴ? መዝሙር ከልክላ ይሄን ነው ያመጣችበት? ገብታ ዘሊካን መጠየቅ ፈለገች፤ እግሯ እንቢ አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት በሌላ መንገድ፣ በጭቃው በኩል፣ እየዞረች ሄደች።

ቦታውን ያገኘው ምናለ ነው። ስልክ ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ፣ ከከተማው መውጫ ዳገቱ ላይ የአጎቱ የእንጨት ሥራ ቤት ተዘግቶ እንደቆመ ነገረው። ሄደው አዩት። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈርና የሰጋቱራ ድልዳል። ነፋሱ በአንዱ በኩል ገብቶ በሌላው ይወጣል። ዙሪያው የገብስ ማሳና ባሕር ዛፍ ነው፤ ቅርብ ያለው ቤት ድንጋይ ቢወረውሩ አይደርስም። ከገበያው ግን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ዳገት ነው።

"አሮጊቶቹ እዚህ አይወጡም" አሉ ጋሽ አምባቸው።

እሌኒ "አይወጡም" አለች። ሌላ ምርጫ ስላልነበራቸው ግን ተከራዩት፤ ለነሐሴ መጀመሪያ እሁድ ተቀጠረ።

በዚያው ሳምንት ነው ፈይዛ ለክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት መጥታ፣ ደብተሯን ሳታወጣ፣ "ቲቸር፣ አባባ ይማም ሞቱ" ያለቻት።

እሌኒ ጠመኔውን አስቀመጠች። ቀኑን ቆጠረች። ውሉን እንቢ ካለች ሃያ ሁለት ቀን።

ጋሽ አምባቸውም ቆጥረው ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆሙ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ። "ሃያ ሁለት ቀን፣ እሌኒ" አሉ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም ነው የነበረበት። "ፈርመን ሃያ ሁለት ቀን ሳንገባ ብንታገሥ እኛም እነሱም እንጠቀም ነበር።" አልፈው ሄዱ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች። የሰው ሞት ከዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ዘገነናት፤ ግን ሒሳቡ በእሷም ራስ ውስጥ ነበር።

ከድንቅነሽ ጋር ለቅሶ ደረሱ። ዘሊካ ሴቶቹ መሐል ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ፊቷ ጠቁሯል። አልጋው ተነሥቶ የነበረበት ቦታ ባዶ ነው። እሌኒ ጎንበስ ብላ ሳመቻት።

"ጠፋሽብኝ" አለች ዘሊካ እጇን ሳትለቅ። "ይጠይቅሽ ነበር። ያቺ ላብ በላብ የሆነችው ልጅ የት ሄደች ይለኛል።"

"እትዬ ዘሊካ፣ ሲሚንቶው... ሲሚንቶ ሲራገፍ አይቼ... አፍሬ ነው የቀረሁት።"

"ሲሚንቶው?" ዘሊካ ግራ ተጋብታ አየቻት። "ሁለት ቀን ነው የተራገፈው። ከዚያማ እስከ ጣሪያው ተደርድሮ ያን ግድግዳ ደፈነው። የመኪናው ጩኸት፣ የገበያው ጫጫታ፣ ምንም አይሰማም ሆነ። በመጨረሻው ሰሞን እንቅልፍ አገኘ የኔ ጌታ። እኔም ተኛሁ። አልሐምዱሊላህ።"

እሌኒ ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ግን በውል አላወቀችም። ድንቅነሽ ጀርባዋን ትዳብሳት ነበር።

የነሐሴ የመጀመሪያው እሁድ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። እሌኒ ማንም ሳይደርስ ዳገቱን ወጥታ በሩን ከፈተች፤ አግዳሚዎቹን በጨርቅ ወለወለች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ ታች ታችውን ማየት ጀመረች። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ሦስት ተኩል ሆነ። ጭጋጉ ማሳውን ሸፍኖ ነበርና መንገዱም አይታይም። ሁሉም ነገር በሷ እንደፈረሰ፣ ሰባት ሆና የተጀመረችው ቤተ ክርስቲያን በአንዲት ፈሪ አስተማሪ እንደተበተነች ታሰባት።

ከጭጋጉ ውስጥ መጀመሪያ ጃንጥላ ወጣ። ከዚያ ሌላ። ድንቅነሽ በሁለት ሰው ተደግፋ፣ በየአሥር እርምጃው እያረፈች ወጣች። ሠላሳ ስምንት ሰው መጣ፤ ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ልብሱ ሰውነቱ ላይ ተጣብቆ። ሲዘምሩ የቻሉትን ያህል ጮኹ፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ግን ስብከቱ ጨርሶ አልተሰማም። ሰባኪው ሁለት ጊዜ ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተወው። ሃያ ደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም ብሎ ዝናቡ እስኪያባራ ተቀመጠ።

አብቅቶ ሲወርዱ ጋሽ አምባቸው ከጎኗ መጡ። ውሉ ከቀረ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሄዱ። ቁልቁለቱ ስለሚያንሸራትት ሁለቱም መሬት መሬቱን እያዩ ነበር።

"እኔ አሁንም መጋዘኑ ይሻል ነበር እላለሁ" አሉ።

"አውቃለሁ።"

"ቀብሩ ላይ ነበርሁ" አሉ ቀጥለው።

እሌኒ ቆመች። "የማን ቀብር?"

"የሰውየው። የይማም። ዝናቡ አይጣል ነበር። ወንዶቹ መሐል ቆሜ ሳለ አንዱ ማን ነህ፣ ምኑ ነህ አለኝ። ምን ልበለው? ጎረቤቱ ልሆን ነበር፣ ሳይሆን ቀረ አልሁት።" ኮፍያቸውን ዝቅ አደረጉ። "አካፋውን ሰጠኝ። አፈር አልብሼ መጣሁ።"

ጋሽ አምባቸው የሚያንሸራትተው ቦታ ላይ ሲደርሱ ክንዳቸውን ዘረጉላት፣ እሷም ያዘችው። ታች ከተማው ከጭጋጉ ውስጥ ቀስ እያለ ይወጣ ነበር፤ የመስጊዱ ሚናራ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት፣ ከዚያ እርጥቡ ቆርቆሮ ሁሉ። የሚቀጥለው እሁድም ይዘንብ ይሆናል። ከሠላሳ ስምንቱ ስንቱ ይመለስ ይሆን እያለች፣ ክንዳቸውን ሳትለቅ፣ ወረደች።